የቀልብ ሐኪሙ ኢርፋን

የሳይኮሎጂ ተማሪ በሚያድርበት ቤት ጤነኛ ሰው አይገኝም። ካላመናችሁኝ አንዱን ለወር ያህል አሳድሩት። ሲመጣ ሁላችሁም ደህና ነበራችሁ፤ ሲሄድ አንዳችሁ የልጅነት ቁስል፣ አንዳችሁ የትኩረት ረሃብ፣ አንዳችሁ ደግሞ ስሙ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚጠራ ነገር ይዟችሁ ትቀራላችሁ። በየዘመዱ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። የእኛው ኢርፋን ይባላል፤ የወንድሜ የቃሲም ልጅ ነው።

እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥሁት። ከሚሴ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ። ከደከመኝ ቆይቷል፤ ድካሜን ግን ሰው አስቦት አያውቅም ነበር። ኢርፋን አሰበው። አንድ ቀን ኩንታል ሙሉ ሽንኩርት ከጋሪ አውርጄ ወገቤን ይዤ ቆሜ ሲያየኝ፣

"አዳዳ፣ ይሄ ድካም አይደለም" አለኝ። አዳዳ የአባት እህት ናት በእኛ። "ይሄ ሳይገለጽ የቆየ ስሜት ነው።"

"ሽንኩርት ነው" አልሁት።

አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ ለዒድ ጨፋ ሮቢት አባቱ ቤት ሲገባ የጀመረው በአባቱ ነው። ቃሲም የበሬ ነጋዴ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ልጁ ሥጋውን እየበላ፣ "አባየ፣ ቁጣህ የመጣው ከልጅነትህ ነው። ልጅ ሆነህ የምትወደው ነገር ሞቶብሃል?" ብሎ ጠየቀው።

"ጥጃ ሞቶብኛል።"

"ይኸው!"

"ጥጃ ያልሞተበት ማን አለ እዚህ? ዝም ብለህ ብላ!"

ዝም ብሎ መብላት ግን ለክቡር የቀልብ ሐኪማችን አልተሰጠውም። ጎረቤቴ ኡምኩልሱም ግቢዋን ጠዋትም ማታም ትጠርጋለች፤ መጥረግ ማብዛት በሽታ መሆኑን አስረዳት። እሷም መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ "የኔ ዓለም፣ በሽታው ምነው ለእናትህ በተጋባባት! ግቢያችሁን አይቸዋለሁ" አለችው። አብዱልጀባር የሚባል ባጃጅ ነጂ አለ፣ ጡሩምባውን ሳይለቅ ከተማውን የሚዞር። እሱን ደግሞ "ትኩረት እየፈለግህ ነው" አለው። "ኧረ በአላህ! እኔ የምፈልገው ተሳፋሪ ነው" ብሎ ጭራሽ በጆሮው ላይ ነፋበት። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ "ዶክተር" ይለው ጀመር። ከልብ እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀበት፤ የሰውን ልብ ለሚያጠና ሰው ትንሽ በዛ።

አራተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ ከሚሴ፣ አንድ ጤና ጣቢያ መደቡትና እኔ ቤት አረፈ። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ሰጡት። በሩ ላይ "የሥነ ልቦና ምክር" ብሎ ለጠፈና ተቀምጦ ጠበቀ። ከተማችን ደግሞ ትንሽ ናት። እዚያ በር ገብቶ የታየ ሰው በማግሥቱ "ልቡ ተነካ" ይባልበታል፤ ለእህቱ ባል፣ ለልጁ ሚስት ይጠፋል። ስለዚህ ያንን በር የሚያንኳኳው ላቦራቶሪው የጠፋበት ሰው ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን ግን አንድ ሽማግሌ ገብተው ተቀመጡ። ማታ ራት ላይ ድምፃቸውን እያስመሰለ ነገረን።

"እንዴት ነዎት፣ አባቴ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

"እንቅልፍስ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

"ምግብ ይበላልዎታል?"

"አልሃምዱሊላህ።"

"ታዲያ ምን አመጣዎት?"

"ደም ግፊት ልለካ መጥቼ ወረፋው ረዘመብኝ። ያንተ ወንበር መደገፊያ አለው፤ ትንሽ ልረፍበት ብየ ነው።"

እኔ ሳቅሁ። ልጄ ሰሊማ እንኳ ፈገግ አለች። እሱ ግን እጁን ከማዕዱ ላይ አነሣ። "ይሄ ሕዝብ እኮ ስሜቱን ይደብቃል፣ አዳዳ! አልሃምዱሊላህ ለአላህ ነው። ለእኔስ?"

"ለአንተማ! ማን ነህና?"

ወላሂ ምን ብየ ላስረዳው? በእኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁን ቀብሮ የተመለሰም፣ እንዴት ነህ ሲሉት መጀመሪያ አልሃምዱሊላህ ይላል። ማማረር በሰጪው ላይ ማጉረምረም ነው። እኔም ባሌን የቀበርሁ ቀን ያንኑ ብያለሁ። መጽሐፉ ላይ ይህ ሳይኖር ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም የጻፉት ሰዎች አልሃምዱሊላህ የማይሉ ናቸው።

ሰሊማን አላስተዋወቅኋችሁም። ከአሥረኛ ክፍል ወጥታ ሪያድ ሄደች፤ ሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። ከመጣች ወዲህ ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ትጋግራለች፤ የኢርፋንን ሸሚዝ እንደ ወረቀት አድርጋ ትተኩሳለች። እንዴት ነሽ ላላት ሁሉ አልሃምዱሊላህ። ክቡር ሐኪማችን የከተማውን ሰው ሁሉ በበሽታ ሲከፋፍል እሷን ብቻ ለይቶ አወጣት። "ጤነኛ ሰው ማየት የሚፈልግ ሰሊማን ይይ" ይል ነበር፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ እየቆለፈ።

ጤነኛዋ ሰሊማ ተኝታ አታድርም ነበር። ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የክፍሏን በር እንዳይዘጋ በጡብ አስደግፋ ትቀመጣለች። ይህን አያለሁ። ማየት ግን ምን ይፈይዳል? ለማን እነግራለሁ? የተማረው ቤቴ አለ፤ እሱ ጤነኛ ናት ብሏል።

ነገሩ በዚህ ቢቀር ደግ ነበር። ሪያድ የላካት ደላላ ደወለ። ተመልሳ ትሂድ፣ ቤት ተገኝቶላታል ሲል፣ ሰሊማ እንደ ልማዷ "አልሃምዱሊላህ፣ እሄዳለሁ" አለች። ባል ስለሌለኝ በእንዲህ ያለ ጉዳይ ቃል የወንድሜ ነው። ቃሲም መጣና ሁላችንን ሰብስቦ ወደ ልጁ ዞረ።

"አንተ ተምረሃል። ትሂድ ወይስ ትቅር?"

ኢርፋን ጉሮሮውን ጠረገ። "ጠንካራ ናት፣ አባየ። ሰሊማ ትችላለች።"

በዚያች ቃል ፓስፖርቷ ሊታደስ ሄደ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅስ አልሃምዱሊላህ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ለጉዞዋ ማሟያ ፍየሎች ልንሸጥ ሦስታችን ሰንበቴ ገበያ ወረድን። ገበያው ሞልቷል፤ ቆላው ከነግመሉ፣ ደጋው ከነበጉ አንድ አቧራ ውስጥ ገብቷል። ኢርፋን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ከፊት ከፊት እየሄደ የፍየል ነጋዴዎችን ጠባይ ያብራራልናል። ሰሊማ ገመዱን ይዛ ከኋላ ናት። አጠገባችን አንድ አይሱዙ ከብት ጭኖ ጨረሰና ረዳቱ የኋላውን ብረት በር ጓ! አድርጎ ዘጋው፤ መወርወሪያውንም ሳበው።

ገመዱ ከሰሊማ እጅ ወደቀ። ፍየሎቹ ተበተኑ። ስዞር ልጄ ከከብቱ እግር ሥር ተቀምጣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ጥርሷ ይንቀጠቀጣል። ሰው ከበባት። አንዷ "ጅን ነው፣ ውሃ እርጩባት!" ትላለች፤ ሌላው ክብሪት ይጭራል። እኔ ስሟን ከመጥራት ሌላ አልቻልሁም።

ኢርፋን ሰውን ገፍቶ ገባ። አሁን ሊያስተምረን ነው ብየ ጠበቅሁ። አፉን ከፈተ፤ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ግማሽዋ ወጣች፤ መልሶ ዘጋው። ከዚያ በዚያ ሰሊማ በተኮሰችለት ሸሚዝና ሱሪ አቧራው ላይ፣ እበቱ ላይ፣ አጠገቧ ቁጭ አለ። አልነካትም። በዓለም ሰው ሁሉ ላይ ሲናገር የኖረ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

አንድ የአፋር ነጋዴ ዱላውን አግድም ይዞ ሰዉን ወደ ኋላ መለሰልን። ኢርፋን ቆይቶ፣ ለእኔ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ፣

"ሰሊማ፣ እንዴት ነሽ?" አላት።

"አልሃምዱሊላህ" አለች፣ ጥርሷ እየተጋጨ።

"የትኛው?"

ቀና ብላ አየችው። የትኛው አልሃምዱሊላህ ነው፣ የደህናው ወይስ የመከራው፣ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረማ።

"አሠሪዎቼ ሲወጡ በሩን ከውጭ ነበር የሚቆልፉብኝ፣ ኢርፋኔ" አለችው። "ዒድ ውለው እስኪመጡ ድረስ። ዘመድ ጋ ሰንብተው እስኪመጡ ድረስ። ውሃው ሲያልቅም ቁልፍ ነው።" ከዚያ ሌላም ነገረችው። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

ፍየሎቹን ይዘን ተመለስን። ኢርፋን በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየ ሲያለቅስ መጣ፤ ለልቅሶው ስም አላወጣለትም።

በማግሥቱ ቃሲም ፊት ቆመ። የሸሚዙ እድፍ ታጥቦም አልለቀቀም፤ ያንኑ ለብሶት ነበር።

"ተሳስቻለሁ፣ አባየ። ሰሊማ አትሄድም።"

"ትችላለች ያልህ አንተ አይደለህም?"

"ሳላውቅ ነው ያልሁት።"

"አሁንስ አወቅህ?"

"አሁንም አላውቅም። ይሄ ከእኔ በላይ ነው። ደሴ፣ ነገሩን የሚያውቅ ሐኪም ጋ ልውሰዳት።"

ቃሲም ሳቅም ቁጣም ባልሆነ ድምፅ፣ "ታዲያ አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትማር ነበር?" አለው።

"ይሄን" አለ ኢርፋን። "ይሄን አልተማርሁም ነበር፤ ትናንት ተማርሁት።"

ቃሲም እንደሚጮህ ጠብቀን ነበር። አልጮኸም። ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየኝ፣ "እንግዲያው ለደሴው ሽጧቸው" ብሎ ወጣ። ደላላው ሲደውል ስልኩን ያነሣው ኢርፋን ነው፤ ምን እንዳለው ባላውቅም ሰውየው ደግሞ አልደወለም።

ዳነች ብየ አልዋሻችሁም። ደሴ እንመላለሳለን፤ መድኃኒት ትውጣለች። አንዳንድ ሌሊት ጎኗን ታሳርፋለች፤ ጫማዋን አውልቃ ያገኘኋት ጠዋት ጫማውን አቅፌ ደጅ ወጥቼ አልቅሻለሁ። በሩ ዛሬም በጡብ እንደተደገፈ ነው። አልሄደችም ግን። ከሚሴ ናት።

ኢርፋን ተመረቀ፤ ካባ ለብሶ የተነሣው ፎቶ እኔም ቤት ተሰቅሏል። ውጤቱ ከፍ ያለ ነው ይላሉ። ወረቀቱን ይዞ በየቢሮው ዞረ። አንዱ "መደቡ አልተፈቀደም" አለው፤ አንዱ "በሚቀጥለው በጀት" አለው፤ አንዱ ደግሞ ቀና ብሎ አይቶት "ለእብዶች ነው?" ብሎ ጠየቀው። ይቺ ከተማ ለታመመም ለሚያስታምመውም ቦታ የላትም። ያቺ ጠባብ ክፍል ዛሬ የመጥረጊያና የአሮጌ ጎማ ማስቀመጫ ናት። ሳያውቅ ዶክተር ይሉት የነበሩ ሰዎች አሁን ማወቅ ሲጀምር በስሙ ይጠሩታል።

አሁን ከቢሮዎቹ ፊት ለፊት፣ የሙሀመድኑር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ ወረቀት ያባዛል። የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ወረቀት፣ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርት በእጁ ያልፋል። እየተቀበለ "እንዴት ነሽ? እንዴት ነዎት?" ይላል። አልሃምዱሊላህ ይሉታል። "የትኛው?" ይላል። ስቆ የሚያልፍ አለ፤ የሚሰድበው አለ፤ ደግሞ መደገፊያ ያላት አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች፣ እሷ ላይ ቁጭ የሚል አለ።

"አንተ ልጅ፣ ኮፒ አንሣ!" ብሎ ይጮኻል ሙሀመድኑር። "ወረፋው አስፋልት ወጣ እኮ!"

ባለፈው መታወቂያየን ላባዛ ሄድሁ። ቲማቲሜን ፀሐይ ላይ ትቼ ነው የሄድሁት፤ ቸኩያለሁ።

"እንዴት ነሽ፣ አዳዳ?"

"አልሃምዱሊላህ።"

መታወቂያየን መስታወቱ ላይ አደረገ፤ መብራቱ ሄደ፣ ተመለሰ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ጫፉን አልለቀቀውም።

"የትኛው?" አለኝ።

እንደ ድሮው "ሽንኩርት ነው" ልለው አስቤ ነበር። ወረቀቱን መልሼ ባንኮኒው ላይ አኖርሁት። ኢርፋን ከባንኮኒው ኋላ ወጣ፤ ሙሀመድኑርን እንዳልሰማ ሆኖ ወንበሯን ሳበልኝ።

"ኮቱ ታኢ" አለኝ፣ በእናቴ ቋንቋ፤ ነይ ተቀመጪ ማለቱ ነው።

ቲማቲሙ ይበላሽ። ተቀመጥሁ።