አሚንን የቆጠርኩበት ምርጫ

ፊት ለፊት «አይሆንም» በማይባልበት አገር የምርጫ ቀስቃሽ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ካልሞከራችሁት አታውቁትም። ሌላ ቦታ ነገሩ ቀላል ነው አሉ። የማይመርጣችሁ ሰው ፊቱን ያጠቁርባችኋል፣ የሰጣችሁትን ወረቀት ዓይናችሁ እያየ በርበሬ ይጠቀልልበታል፣ ቢብስ ደግሞ ከደጃፉ ያባርራችኋል፤ እናንተም ልካችሁን አውቃችሁ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳላችሁ። የኛ የከሚሴ ሰው ግን ለመጣው ቀስቃሽ ሁሉ ወንበር ያወጣል። ለሁሉም ውሃ ያቀርባል። የልጆቻችሁን ደህንነት ይጠይቃል፣ የእናታችሁን ጤና ይጠይቃል፣ ባነሳችሁት ነጥብ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ስትነሱ ደግሞ መርቆ ይሸኛችኋል። ከግቢው ስትወጡ የሰውየውን ድምፅ በኪሳችሁ የያዛችሁ ይመስላችኋል። የያዛችሁት ምርቃት ነው።

ምርቃት ስል በዋዛ የምትታለፍ ነገር እንዳትመስላችሁ። እዚህ ሠርግም ሆነ ስብሰባ፣ የቦይ ጠረጋም ሆነ የድንኳን ተከላ ያለ ዱዓ አይጀመርም። አንድ አባት ይቆሙና ፈጣሪን ይለምናሉ፣ ሌላው መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ በየመሃሉ «አሚን» ይላል። እኔ ክርስትና የተነሳሁ ሰው ነኝ፤ አባቴ በንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነው። ሆኖም መዳፍ ዘርግቶ አሚን ማለትን የተማርኩት ከሀ ሁ በፊት ነው። እናም በዚያ ምርጫ ሰሞን፣ ባጃጅ ከሚሴ ገብታ ሰው ገና ቆሞ በሚያያት ዘመን፣ እኔ የታሪክ መምህሩ አዲስ ሳይንስ የፈለሰፍኩ መሰለኝ። የሕዝቡን ሐሳብ ለማወቅ አሚኑን ማዳመጥ ይበቃል አልኩ። ጠንካራ አሚን ድምፅ ነው፣ የለዘበ አሚን ደግሞ ሌላ የሚያስብ ሰው ነው። ይህን ያህል ብልህ ስሆን አንድ ሰው እንኳ ሃይ ሳይለኝ መቅረቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

የቀሰቀስኩለት ሰው ኢብሬ ነው። ሙሉ ስሙ ኢብራሂም ቢሆንም እንደዚያ የሚጠራው የለም፤ ከተሜው ኢብሬ ይለዋል፣ ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። የእንስሳት ጤና ረዳት ነው። በአንዲት ባረጀች ሞተር ሳይክል የጨፋን ሜዳ ከዳር ዳር እየዞረ ላም ያዋልዳል፣ በግ ያክማል፣ አልቅት ከበሬ አፍንጫ ያወጣል። ሞተሯ ስትጮህ ከብቶቹ ሳይቀሩ ቀና ይላሉ ይባላል፤ ይህ ግን የኢብሬ ወዳጆች የሚያወሩት ነው፣ እኔ ቀና ሲሉ አላየሁም።

ኢብሬ ፖለቲካ አይወድም። ፖለቲካ ውስጥ የከተተው ማቀዝቀዣ ነው። የከብት ክትባት ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ የኛ የከብት ክሊኒክ ደግሞ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ስለዚህ ክትባቱን ከኮምቦልቻ በበረዶ ሣጥን ጭኖ ያመጣ ነበር። በረዶው ብዙ ጊዜ ከሚሴን ሳያይ ይቀልጣል። ከምርጫው በፊት በነበረው በጋ መንገድ ላይ ሞቆ የተበላሸ ክትባት ሳያውቅ ወጋና፣ ባላቸው የሞቱባቸው የእማማ ፋጤ ጊደሮች አባ ጎርባ በሚባለው በሽታ አለቁ። ሴትዮዋ «የአላህ ሥራ ነው ልጄ» ብለው አጽናኑት። እሱ ግን አልተጽናናም። በየቢሮው እየዞረ ማቀዝቀዣ ጠየቀ፣ በየቢሮው «ሂደት ላይ ነው» ተባለ። በመጨረሻ «ፓርላማ ገብቼ ራሴ እጠይቃለሁ» ብሎ በግል ተወዳዳሪነት ተመዘገበ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወዲያው ቀስቃሽህ እኔ ነኝ አልኩት።

ተፎካካሪያችን አቶ ነስሩ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ያዙልኝ። ጉቦ አይበሉም፣ ሰው አያዋርዱም። ጉዳቸው ስብሰባ መውደድ ነው። ገበሬውን በእርሻ ወቅት ይሰበስቡታል፣ በአጨዳም ይሰበስቡታል፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሊውል በሬውን እየነዳ ሲመጣ ከመንገድ ጠርተው አዳራሽ ያስገቡትና በሩን ያስዘጋሉ። በሬው ውጭ ይሰበሰባል። ንግግራቸውን «በአጭሩ» ብለው ከጀመሩ የመጣው ሰው ሁሉ ለመተኛት ይመቻቻል። አንድ ጊዜ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሊያስተምሩን ከጠዋት ጀምሮ ሰብስበውን የአስር ሰላት ሊያልፍ ሲል ለቀውናል።

ወደ ቅስቀሳው ልመለስ። የምርጫ ምልክታችን ላም ሆነች። ሥዕሏን የሠራልን ሙሄ የምግብ ቤት ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነው። ሹካና ዶሮ ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ላም ግን ሥሎ አያውቅም ነበር። እሱ እንደሚለው አሳምሮ ሠርቷታል። ሥዕሉን ጨፋ ሮቢት ገበያ መሃል ሰቅዬ፣ ድምፅ ማጉያዬን ይዤ፣ ስለ ሕዝብ ሉዓላዊነት ልጀምር ስል አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ ሥዕሉ ተጠግተው አጎንብሰው ማየት ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ይቺ ላም ታማለች» አሉኝ።

«አባባ፣ ይቺ የምርጫ ምልክት ናት።»

«ትሁና። መንጋጋዋ ሥር ያበጠውን ግን ተመልከት። የጉበት ትል ነው።»

«ኸረ ሆዷን እዩት፣ ነፍቷት ነው» አለ ሌላው ከኋላ። «ሎን የማያውቅ ሰው ነው የያዛት።» ከብት ማለቱ ነው።

ክርክሩ ጦፈ። እኔ ስለ ሉዓላዊነት ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። ኢብሬ ጣልቃ ገብቶ ነገሩን ወደ ምርጫ ይመልሰዋል ብዬ ዞር ስል፣ ለቅስቀሳው ያዋስኩትን የኔኑ ኮት ለብሶ ሥዕሉ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን አጥብቦ ላሟን ይመረምራል። «ጉበት ነው» አለ በመጨረሻ። «ረግረጉ ዳር ያለውን ሣር ማለዳ አብልተዋት ይሆናል። ጤዛው ሳይረግፍ አታሰማሩ ብዬ አልነበር?» ከዚያ ወዲያ ምርጫ የሚባል ነገር አልተነሳም። አንዱ «የኔዋም እንደዚህ አብጣለች» ብሎ ላሙን ጎትቶ መጣ፣ ሌላው ፍየሉን ተሸክሞ መጣ፤ ኢብሬ የኮቴን እጅጌ ሰብስቦ አንዷን ምላሷን፣ ሌላዋን ጥርሷን ያይ ጀመር። ሕዝቡ ጎረፈ። እኔም ከዚያ በላይ ምን እፈልጋለሁ፣ «ዶክተራችሁን ምረጡ፤ ያለ እሱ ማን አላችሁ?» እያልኩ በማጉያው አስተጋባሁ። ይቺን ጥያቄ ልብ በሉልኝ፤ ያሸነፈችን እሷ ናት።

ማሳረጊያው ላይ ሸህ ጡሃ ተነሱ። ሸህ ጡሃ ሳይመርቁ አገሩ ውስጥ ሠርግም እርቅም የለም፤ ሁሉም የሚያከብራቸው አባት ናቸው። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን።

«ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ ከእኛ አትለይብን» አሉ።

«አሚን» አለ ገበያው።

«እግሩን ከዚህ ሜዳ አታውጣው። ከብታችንን ያለ እሱ አታሳድር።»

ወዳጆቼ፣ እንደዚያ ያለ አሚን ሰምቼ አላውቅም። ከፍየሎቹም አንዳንዶቹ ያሉት መሰለኝ። ወደ ኢብሬ ጆሮ ጠጋ ብዬ «ገብተሃል፣ ፓርላማ ውስጥ ቁጭ ብለሃል» አልኩት። እሱ ከላሚቷ አፍ እጁን አላወጣም ነበር።

በሳምንቱ የአቶ ነስሩን ቅስቀሳ ልሰልል ከሚሴ አዳራሽ ገባሁ። ገባሁና በሩ ተዘጋ። «በአጭሩ» ሲሉ እኔም እንደ ሌላው ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ሲያበቁ ሸህ ጡሃ እዚያም ነበሩና ተነሱ። «አቶ ነስሩ፣ ለዚያ ለከብት ክሊኒክ ማቀዝቀዣ ይልካሉ?» ብለው ጠየቁ። «እልካለሁ፣ ቃሌ ነው» አሉ አቶ ነስሩ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ያኔ ሸህ ጡሃ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ መንገዳቸውን አቅናላቸው። ከሄዱበት አገር አላምዳቸው። ሥራ አብዛላቸው፣ መመለሻ ጊዜ አሳጣቸው።» እዚህም አሚኑ ጠንካራ ነበር። በልቤ ግን በሩ ስለተዘጋ ነው ያስተጋባው አልኩ። ሳይንሴን እንዲህ በቀላሉ የምጥል ሰው አይደለሁም።

የምርጫው ቀን ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ድምፅ ሰጥቶ የወጣው ሁሉ ኢብሬን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ይሄዳል። ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አቶ ነስሩ አሸነፉ። ማሸነፍ ብቻ አይደለም፤ እዚያው ላሞች ባከምንበት ጨፋ ሮቢት ሳይቀር ድምፁን ጠራርገው ወስደውታል። የተጭበረበረ ነገር አለ ወይ ብዬ ታዛቢዎቻችንን ብጠይቅ፣ የገዛ ታዛቢዎቻችን መሬት መሬት አዩ። ኢብሬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ «ምን በደልኳቸው?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን በአገሬ ሰው ክፉኛ አዘንኩ፤ ተናደድኩም። በማግስቱ ማለዳ ኢብሬን እየጎተትኩ ሸህ ጡሃ ግቢ ሄድኩ።

ሸህ ጡሃ ከበረታቸው ፊት ቆመው ሲያዩን ፊታቸው በራ። «ነጋ? ነጋ ነው ልጆቼ?» ብለው እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛው ሰላማችንን ጠየቁ።

«ሸህ፣ ዱዓ አድርገውልን አልነበር እንዴ?» አልኩ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳልመልስ።

«አድርጌአለሁ። አልሃምዱሊላህ፣ ሰምቶናል።»

«ተሸነፍን እኮ።»

«አንተ ቲቸር፣ አሚን ስትል የምትለውን አትሰማም እንዴ? አትለይብን ነው ያልኩት። እግሩን ከሜዳው አታውጣው ነው ያልኩት። አንተም ከጎኔ ሆነህ አሚን ብለሃል።» ወደ ኢብሬ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ተቀይመኸናል። ፓርላማው ያለው አዲስ አበባ አይደለም? አንተን እዚያ ሰደን፣ ነስሩን ከእኛ ጋር ልናስቀር ኖሯል? ወላሂ ማን ያዋልድልን ነበር? ስብሰባ የሚወደውን ስብሰባ ወዳለበት ሸኘነው፣ ከብት የሚወደው ከከብቱ ጋር ቀረ። ምኑ ላይ ነው በደሉ?»

«ማቀዝቀዣውስ?» አለ ኢብሬ። «እማማ ፋጤን ምን ልበላቸው?»

«ቃል ገብቷል። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የገባው። አብሽር፣ ይመጣል ኢንሻአላህ። አሁን ግን ያቺ ጥቁሯ ጊደሬ ከሌሊት ጀምራ ታምጣለች፣ እስኪ እያት።»

ኢብሬ ኮቴን አውልቆ ሰጠኝና በረት ገባ። ምርጫው በዚህ አበቃ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ለአልማዝ ያገሩን ሰው ክህደት በዝርዝር ሳወራላት፣ የኛን ላም ቡሬን ማለቧን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። «አንቺስ ማንን መረጥሽ?» አልኳት። «ድምፅ ምስጢር ነው እያልክ ስትጮህ የከረምከው አንተ አይደለህ?» አለችኝ። ቡሬ እርጉዝ መሆኗን ያስታወስኩት ጎኗን ስታሻሽላት አይቼ ነው።

ማቀዝቀዣው መጣ። መቼ መጣ ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ምርጫ ሲቃረብ። አቶ ነስሩ ራሳቸው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ወፈር ብለው፣ ከመኪናው ጋር መጡ። ዕቃው ወርዶ መብራት ሲሰካለት እንደ ድመት ማጉረምረም ጀመረ። ኢብሬ ከፈተውና እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ፣ ብርዱ እስኪሰማው እዚያው አቆየው። ከዚያ ከሰዉ መሃል እማማ ፋጤን ፈልጎ አየና «የመጀመሪያው ክትባት የእርስዎ ጥጆች ነው» አላቸው። እሳቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። እኔም የሆነ ነገር ዓይኔ ገባ።

አቶ ነስሩ ንግግር አደረጉ። በአጭሩ። ፀሐይዋ ከራሳችን በላይ መጥታ ካለፈች በኋላ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ናፍቃችሁኛል» አሉ። «የዚያ አገር ኑሮ ሰለቸኝ። ዘንድሮ አልወዳደርም። ወደ ድሮ ቢሮዬ ተመልሼ፣ እንደ ቀድሞው በየሳምንቱ እየተገናኘን ብንመካከር ደስ ይለኛል።»

የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንድ ገበሬ በሬው ወዳለበት አየ። ከዚያ ሸህ ጡሃ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ይነሳሉ በማልለው ፍጥነት ተነሱና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ በሄዱበት አጽናቸው።»

አሚኑ ሜዳውን አልፎ የተሰማ ይመስለኛል። እማማ ፋጤ አሚን አሉ፣ ሙሄ ሠዓሊው አለ፣ ኢብሬ ማቀዝቀዣውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ አለ። አቶ ነስሩ በሕዝቡ ፍቅር ልባቸው ተነክቶ መሐረብ አወጡ። «ፈቃዳችሁ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ፣ እወዳደራለሁ» አሉ።

ኢብሬ በክርኑ ነካ አደረገኝና «ቲቸር፣ ቅስቀሳውን አንተ ያዝላቸው» አለኝ። ያዝኩላቸው። እንደዚያ ከልቤ የቀሰቀስኩበት ምርጫ የለም።