በበርሜል የታሰረው አበባ

መልከ መልካም እንግዳን መታወቂያ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። በደርግ ጊዜ፣ እኛ ከቀበሌ ቀበሌ ስንሻገር እንኳ መታወቂያ ስንጠየቅ፣ ጎረቤቴ ጌታነህ ከቆቃ ያመጣውን አበባ ከየት መጣህ ያለው አልነበረም።

ጌታነህ ወደ ባሕር ዳር ተዛውሮ የመጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው። ያን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ሐምራዊ አበባ ሚስቱን ደስ ይበላት ብሎ ግቢው ውስጥ በበርሜል አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ በርሜሉን ሞልቶ በአፉ ይወጣ ጀመር። ዛሬ እምቦጭ የምንለው ነው፤ ያኔ ሰፈራችን ስሙን አያውቅም። እኔ ግን ቆቃ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ጀልባ ሲያግት አይቻለሁ። ከየት እንደመጣም እዚያው ነግረውኛል።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አበባውን አይተው ወደዱት። ስብሰባ ጠርተውም ለአብዮት በዓል የጣና ዳር በዚሁ አበባ እንዲያጌጥ መወሰኑን ነገሩን። "ተቃውሞ ያለው?" አሉ። ይህ መልስ የሚፈለግበት ጥያቄ እንዳልሆነ ማን ያጣዋል? አንድ እጅ ግን ወጣ። ቀና ብዬ ባየው የራሴ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ አበባ ሐይቁን ይውጠዋል" አልሁ።

"አብዮቱ በአበባ ማጌጡ ቅር አሰኘህ?" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። አሁን ስለ ዓሣና ታንኳ ስለሚሠራበት ደንገል ባወራ ማን ሊሰማኝ? እሳቸው በሚወዱት ቋንቋ ገባሁ። ከላቲን አሜሪካ ያለ ፈቃድ የገባ ነው፣ የደንገሉን ቦታ ይነጥቃል፣ ዓሣውን አየር ይነፍጋል፣ በሌላው ላይ ተንሳፍፎ ይኖራል አልሁ።

"ባጭሩ፣ ጓድ፣ ፊውዳል ነው።"

ሊቀመንበሩ አዳራሹን ቃኝተው፣ "ታዲያ ይህን ጠላት ቀበሌያችን ውስጥ የደበቀው ማን ነው?" አሉ።

ይህን አላሰብሁበትም። ጌታነህ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ ነው። ጣናን አድናለሁ ብዬ ጎረቤቴን ላስበላ ነው?

"ጓድ ጌታነህ አልደበቀውም" አልሁ። "ወደ ሐይቁ እንዳያመልጥ በበርሜል አስሮ የያዘው እሱ ነው።"

ሊቀመንበሩ አሰቡ። አበባውን ሐይቅ ሊያስገቡ የነበሩት እሳቸው ናቸውና፣ መውጫ በር ሳይፈልጉ አልቀሩም። አጨበጨቡ። እኛም አጨበጨብን። አበባው ተለቅሞ፣ ደርቆ እንዲቃጠል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ወደ ቤት ስንመለስ በሊቀመንበሩ ደጅ አለፍን። አጥራቸው የወፍ ቆሎ የሚሉት እሾሃማ ተክል ነው፤ እሱም ከባሕር ማዶ መጥቶ የሐይቁን ዳር ቁጥቋጦ ሲያጠፋ የኖረ። ጌታነህ ቆም ብሎ ቀይና ቢጫ አበባውን እያየ፣ "ይህስ የአገራችን ነው?" አለኝ።

ግራ ቀኜን አይቼ፣ "የሊቀመንበሩ ነው" አልሁት።