አምስት ዓመት ባንዴ ያለፈች መኪና

ሌታ፦ አታጥፋት እያልኩህ!

ሶፎንያስ፦ አጠፋታለሁ! ነዳጅ በነጻ ነው እንዴ የሚቀዳው? ከፊታችን ስንት መኪና ተሰልፏል?

ሌታ፦ አራት። አንድ አይሱዙ፣ ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ ባጃጅ። ግን አታጥፋት።

ሶፎንያስ፦ ምክንያት አቅርብ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያለ ምክንያት ሞተር አላስነሳም፣ ያለ ምክንያት አላጠፋም።

ሌታ፦ ከጠፋች አትነሳማ።

ሶፎንያስ፦ ይቺ? ይቺ አትነሳም? ይኸው አጠፋኋት፣ ታያለህ!

[ቁልፉን ይጠመዝዛል። ሞተሩ ሁለቴ ስሎ ዝም ይላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው አምቦ ውስጥ፣ ወደ ጉደር መውጫ ካለ አንድ የተሽከርካሪ ምርመራ ግቢ በር ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። መምህር ሶፎንያስ ቀይ፣ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት፣ ከኋላዋ ክንፍ የተተከለላት ስፖርት መኪና አለችው። ከእሱ በፊት ሦስት ባለቤት አርጅቶባታል፤ እሱ ግን ትናንት ከፋብሪካ እንደወጣች አድርጎ ነው የሚያወራላት። አብሮት ያለው ኦቦ ሌታ ጎረቤቱ ነው፤ እዚያው ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ይሠራል። ሌታ መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮፍያውን ያስተካክላል። ሶፎንያስ ደግሞ ይህን ዝግታ አይቶ ሰውየው አይገባውም ብሎ ከደመደመ ቆይቷል፤ የደመደመውን ነገር ደግሞ እንደገና አያይም። እሁድ የሌታ ልጅ ሶረቲ ታገባለች። የሙሽራ መኪናዋም ይቺው ቀይ ናት፤ ሶፎንያስ ሽማግሌ በተሰበሰበበት ተነስቶ ቃል ገብቷላ! ዛሬ ምርመራ አልፋ የዘንድሮው ቦሎ ካልተለጠፈላት ግን እሁድ ከበር አትወጣም።]

ሶፎንያስ፦ ዕድለኛ አባት ነህ፣ ሌታ። ልጅህ የምትሞሸርባት መኪና አምስት ዓመት በተከታታይ ምርመራ ባንዴ ያለፈች ናት። አንድ ቀን እንኳ «ይሄን አስተካክላችሁ ተመለሱ» ተብላ ታውቃለች?

ሌታ፦ ኤዬ፣ አታውቅም።

ሶፎንያስ፦ ማን ነበር የሚያቀርባት?

ሌታ፦ እኔ። አንተ ክፍለ ጊዜ አለኝ ትላለህ።

ሶፎንያስ፦ እንግዲህ ምስክሩ አንተው ነህ። ዶክተር ፊራኦል ያንን የመሰለ አዲስ መኪና ይዞ ዓምና ባንድ አምፖል ተመልሷል። የእኔዋ ግን ባንዴ! ለምን ይመስልሃል?

ሌታ፦ [ኮፍያውን እያስተካከለ] ብዙ ሰው ስለረዳን።

ሶፎንያስ፦ ሰው! የምን ሰው? ብረቱ ነው እንጂ ወዳጄ! አሠራሩ! እየው፣ ይሄ ቆጣሪ እስከ ስንት ይላል?

ሌታ፦ ሁለት መቶ ስልሳ።

ሶፎንያስ፦ ሁለት መቶ ስልሳ!

ሌታ፦ የት?

ሶፎንያስ፦ ምን የት?

ሌታ፦ የት ነው የምትነዳው? እስከ ጊንጪ ድረስ መንገዱ ሁሉ አህያ ነው።

ሶፎንያስ፦ ስለ አቅም እኮ ነው የማወራህ! አቅም!

ሌታ፦ ቶሌ፣ ገባኝ። ባለፈው ሳምንት ግን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ጉብታ ላይ ተንጠልጥላ፣ አሥራ አንደኛ ክፍሎች ናቸው አንስተው ያወረዷት።

ሶፎንያስ፦ እሱ የጉብታው ጥፋት ነው። ቁመቱ ከደረጃ በላይ ነው፤ ለክተነዋል።

[ወረፋው አንድ ይራመዳል። አይሱዙው ገባ። ሌታ አንገቱን አስግጎ በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያል። የሚናገረውን ነገር ከትናንት ጀምሮ ሲያላምጠው እንደቆየ ያስታውቃል። ሶፎንያስን «ባርሲሳ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ በኦሮምኛ «መምህር» ማለቱ ነው።]

ሌታ፦ ባርሲሳ፣ የሶረቲ ቬሎ ሰፊ ነው።

ሶፎንያስ፦ ጨርቅ አይደል? ይታጠፋል።

ሌታ፦ ሙሽራውስ የት ይቀመጣል?

ሶፎንያስ፦ ከፊት፣ ከእኔ ጎን።

ሌታ፦ ሶረቲስ?

ሶፎንያስ፦ ከኋላ ነዋ!

ሌታ፦ ከኋላ ድምፅ ማጉያህ ነው ያለው።

ሶፎንያስ፦ [ዞር ብሎ ያያል፤ የኋላውን ወንበር ከነጠቀው ትልቅ ሳጥን ጋር ዓይን ለዓይን ይጋጠማል] ...እላዩ ላይ ትራስ ይደረግላታል። ከፍ ትላለች። ሙሽራ ከፍ ብላ ነው መታየት ያለባት።

ሌታ፦ እንዲያው ባይሆን... አንተም እንዳትደክም... ሌላ መኪናም ቢሆን እኮ...

ሶፎንያስ፦ ምን አልክ?

ሌታ፦ አይ፣ ምንም።

ሶፎንያስ፦ አልፈልግም ልትለኝ ነው? እኔ ልጅቷን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሬ ያስተማርኩ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ ቃል የሰጠሁ ሰው! ንገረኛ! ናቅኩህ በለኝና ዛሬውኑ እንለያይ!

ሌታ፦ ኧረ በፍጹም! ኧረ ምን በወጣኝ!

ሶፎንያስ፦ እንዲያ ነው እንጂ። ደግሞ ዘንድሮ «አንተው ራስህ አቅርባት» ያልከኝ ጥሩ አድርገሃል። መርማሪዎቹም የዚችን መኪና ጌታ አንድ ቀን ይዩት።

ሌታ፦ እኔም ይዩህ ብዬ ነው።

[ሁለቱም ሚኒባሶች ገብተው ወጡ። ባጃጁም ገባ፤ ሻይ ለማንቆርቆር በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ወረቀቱን ተቀብሎ እየዘለለ ወጣ። ሶፎንያስ በባጃጁ ሳቀ። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። ቁልፉን ጠመዘዘ፤ «ጠቅ» አለ። ደገመ፤ «ጠቅ»። ሌላ ነገር የለም።]

ሶፎንያስ፦ ምን ሆነች? ዓምና እዚሁ በር ላይ እንዴት ነበር የተነሳችው?

ሌታ፦ ዓምናማ ባትሪው የጎረቤታችን የጋሽ ገብረአማኑኤል ነበር።

ሶፎንያስ፦ ጋሽ ገብረአማኑኤል ባትሪዬን ወሰደ?!

ሌታ፦ የአንተን አልወሰደም። የራሱን ነው የወሰደው።

ሶፎንያስ፦ የራሱን ከየት?

ሌታ፦ ከአንተ መኪና።

ሶፎንያስ፦ የእሱ ባትሪ በእኔ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?

ሌታ፦ ያስነሳላ።

ሶፎንያስ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ አንተ አይገባህም፣ እኔ ላስረዳህ። ሰውየው የእኔን አዲስ ባትሪ ፈትቶ፣ የራሱን አሮጌ ተክሎ ሄዷል። ሽበቱን እንኳ አያፍርም! ሰላም እያለኝ ነው እኮ የሚያልፈው!

ሌታ፦ ኧረ ባርሲሳ፣ ሰውየውን አታማው። እሱ እኮ...

ሶፎንያስ፦ ዝም ብለህ ግፋ!

[ሌታ ምርመራውን ጨርሶ ከወጣው የአይሱዙ ሾፌር ጋር ሆኖ ይገፋል። ሶፎንያስ መሪ ይዟል፤ የተማረ ሰው መቼም ከኋላ አይገፋም። ሁለት መቶ ስልሳ የምትበር መኪና በሁለት ሰው ትንፋሽ ወደ ግቢው ገባች። መርማሪዋ ወይዘሮ ባየሽ እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ላይ አንስታ መጣች። ሰላምታ ሰጥታ የፊት ጎማውን በመዳፏ ዳበሰችና ጻፈች።]

ሶፎንያስ፦ [በሹክሹክታ] ምን ጻፈች?

ሌታ፦ ጎማ።

ሶፎንያስ፦ «ጎማ፣ በጣም ጥሩ» ነው አይደል?

ሌታ፦ «ጎማ» ብላ ከጎኑ ኤክስ አድርጋለች።

ሶፎንያስ፦ [ጎንበስ ብሎ ያያል፤ እሱም ይዳብሳል] እንዴ! ልሙጥ ነው እኮ! አንድ ጥርስ የለውም! ዓምና ባለፈች ዕለት ባነሳኋት ፎቶ ላይ ጥርሱ ይቆጠር አልነበረም?

ሌታ፦ እሱ የዓብዲሳ ጎማ ነው።

ሶፎንያስ፦ የትኛው ዓብዲሳ? ኮንትራት ታክሲ ያለው?

ሌታ፦ አዎ። አራቱንም ማታውኑ ወሰዳቸው።

ሶፎንያስ፦ አራቱንም?! አንተ እያየህ?

ሌታ፦ ክሪኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

ሶፎንያስ፦ ወይኔ! ወይኔ ሶፎንያስ! ጎረቤቴ ክሪክ እየያዘ ነው የተዘረፍኩት! እስክሪብቶ አምጣ። ገብረአማኑኤል፣ ባትሪ። ዓብዲሳ፣ አራት ጎማ። ሌላስ? ሌላ ማን አለ? ተናገር!

ሌታ፦ የፊት መብራቶቹን ዶክተር ፊራኦል።

ሶፎንያስ፦ ዶክተሩም?! ለዚህ ነዋ እሱ ባንድ አምፖል የተመለሰው! የሰው ንብረት መች ይበረክታል!

ሌታ፦ አይ፣ እሱ የተመለሰው አንዱን አምፖል እኔ ስመልስለት ሰብሬበት ነው። እስካሁን አልነገርኩትም።

[ሶፎንያስ ይህንን አልሰማም፤ እየጻፈ ነው። በአእምሮው ከተማው ሁሉ በጨለማ ተሰልፎ መኪናውን ብሎን በብሎን ሲፈታት እያየ ነው። ወይዘሮ ባየሽ ግን ሥራዋ ላይ ናት። መኪናዋ ተገፍታ ዘቅዘቅ ያለው ቦታ ላይ ወጣች፤ ባየሽ የእጅ ፍሬን እንዲያዝ በምልክት አዘዘች። ሶፎንያስ በሙሉ ኃይሉ ወደ ላይ ሳበው፤ ማንሻው ያለ አንዳች ተቃውሞ ተከተለው። መኪናዋም ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወደ ዘበኛው ቤት መሄድ ጀመረች። ዘበኛው ወጥቶ ሮጠ። ሌታ ከኮቱ ኪስ ድንጋይ አውጥቶ ከጎማው ሥር ሸጎጠ። ቆመች።]

ሶፎንያስ፦ [ላብ በላብ ሆኖ ይወርዳል] ድንጋይ በኪስህ ይዘህ ነው የመጣኸው?

ሌታ፦ የእጅ ፍሬን እንደሌላት አውቅ የለ።

ሶፎንያስ፦ ዓምናስ በምን ቆመች?

ሌታ፦ ዓምና የፍሬኑን ሽቦ መካኒኩ ዲንሳ ነው ከጋራዡ ያዋሰን። እንዳለፈች ፈታው፤ የደንበኛ ነበር።

ሶፎንያስ፦ ዲንሳም ገባበት! አራተኛ ተከሳሽ! [ወደ መርማሪዋ እየጮኸ] ወይዘሮ ባየሽ፣ አቁሚልኝ! ተዘርፌያለሁ! ይቺ መኪና የወንጀል ሰለባ ናት!

[ወይዘሮ ባየሽ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው፤ «ወንጀል» የሚል ቦታ አጣችበት። «አላለፈም» የሚለው ላይ ማኅተሟን አሳርፋ ሰጠችውና የሚቀጥለውን ጠራች። ሶፎንያስ ወረቀቱን እንደያዘ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ። እሁድ አለ፤ ሽማግሌ አለ፤ የመምህራን ማረፊያ ክፍል አለ። አምስት ዓመት ስለ መኪናዋ ያወራው ለእነዚሁ ሁሉ ነው።]

ሶፎንያስ፦ አራቱንም ፍርድ ቤት አቆማቸዋለሁ።

ሌታ፦ ባርሲሳ፣ ሌባ የለም እኮ። ሁሉም ያዋሰንን ነው መልሶ የወሰደው። እዚህ አገር ምርመራ ሲደርስ ሰው ጎማ ይዋዋሳል፣ ባትሪ ይዋዋሳል፣ ይሄን የማያውቅ አለ? አንተ በየዓመቱ ቁልፉን ወርውረህ «አሳልፈሃት ና» ትለኛለህ። እኔም ቤት ለቤት ለምኜ፣ አስገጥሜ አሳልፋታለሁ። ከዚያ አስፈትቼ የሰው ዕቃ እመልሳለሁ።

ሶፎንያስ፦ [ወረቀቱን እያጠፈ] አምስቱንም ዓመት?

ሌታ፦ አምስቱንም።

ሶፎንያስ፦ ታዲያ ከእኔ መኪና ውስጥ ያለፈው ምኑ ነው?

ሌታ፦ [ኮፍያውን አስተካክሎ፣ አስቦ] ታርጋው የራስህ ነው። ቀለሙም።

ሶፎንያስ፦ እና ዘንድሮ ምን ነካህ? ዘንድሮ ለምን ዞረህ አልለመንክም? ሰው ነፈገህ?

ሌታ፦ ማንም አልነፈገኝም። ዓብዲሳ እንዲያውም ጎማ ላምጣ ወይ ብሎ ደውሎልኝ ነበር። አይ፣ ተወው አልኩት። ዘንድሮ ልጄ ልትቀመጥባት ነዋ!

ሶፎንያስ፦ ከፈራህ አልፈልግም አትለኝም ነበር?

ሌታ፦ ሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥተህ? ቅድም አፌን ብከፍት እንኳ እንለያይ አላልከኝም? እኔ እምቢ ብልህ ዕድሜ ልክህን ትቀየመኛለህ። ወይዘሮ ባየሽን ግን ምን ትላታለህ? ማኅተም ይዛለች።

ሶፎንያስ፦ ሶረቲ ታዲያ በምን ልትሄድ ነው?

ሌታ፦ በዓብዲሳ ታክሲ። አራት በር አለው፣ ፍሬን አለው፤ አበባውን ትናንት ገዝተንለታል። ላንተም ከፊት ቦታ ይዘንልሃል፤ የክብር ቦታ ነው።

[ሶፎንያስ ቀይዋን መኪና አየ፤ ልሙጦቹን ጎማዎች አየ። ከዚያ ወደ ጉደር የሚወርደው ቁልቁለት ትዝ አለው፤ በየቅዳሜው፣ መስኮት ከፍቶ፣ ሙዚቃ ለቅቆ፣ ባንድ እጁ እየነዳ የሚወርደው። የምሩን ተቆጣ፤ የምሩንም ፈራ።]

ሶፎንያስ፦ እሺ፣ ልጅህን አዳንክ፣ ደግ አደረግህ! እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም? አምስት ዓመት ሙሉ ፍሬን በሌላት፣ ጎማ በሌላት መኪና ያንን ቁልቁለት ስወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ «ሶፎንያስ፣ ትሞታለህ» አይባልም?!

ሌታ፦ [ከልቡ ደንግጦ] አንተማ... ታውቃለህ ብዬ ነዋ!