አጥር የታጠረለት እሾህ

እሾህን በሽቦ አጥር የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ! ከአዲስ አበባ ሱሉልታ የገባው ጎረቤቴ ግርማ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጓሮው ቅጠሉ ሰፌድ የሚያክል፣ ግንዱ እስከ ጫፉ እሾህ የሆነ ቁጥቋጦ ተክሎ ዙሪያውን በሽቦ አጠረለት።

በበጋ ቅጠሉ ሲረግፍ ሞተ ብሎ ከሥራ ቀረ። እኛም ደንግጠን “እግዜር ያጽናህ” ልንለው ሄድን። ሽማግሌው ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ግንዱን በጥፍራቸው ፋቅ አድርገው፣ “ውስጡ አረንጓዴ ነው እኮ! ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣል” አሉት።

እውነትም አቆጠቆጠ! ግርማ በደስታ ዘሎ አቀፈው። እሾኩን ከደረቱ ስንነቅልለት “ኧረ ቀስ በሉ፣ እንዳይሰበር!” ይለናል። የተጨነቀው ለደረቱ መሰላችሁ? ለእሾኩ ነው!

አበደ አትሉም? እኔም ብዬ ነበር። አሁን ግን ከቁጥቋጦው የምተክለው ቁራጭ እንዲሰጠኝ እየለመንኩት ነው። ሽቦውን ገዝቻለሁ።