እናቴና ጣሊያናዊቷ

ፊልም ላይ ኦፔራ ካልተጮኸ ሰው የሞተ የማይመስለው ዳይሬክተር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ፒያሳ ስቱዲዮ ያለው ጓደኛዬ ተመስገን ነው። ጀግናው ሲሞት ኦፔራ፣ ፍቅረኛሞች ሲለያዩ ኦፔራ፣ በሬ ሲጠፋ እንኳ ኦፔራ። ቃሉ ይገባዋል ወይ? ኧረ በጭራሽ! «ስሜቱ ይበቃል» ይላል።

አንድ ቀን ለፊልሙ ብሎ እናቴን ሐይቅ ዳር አስቀምጦ በሲዳማ ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ መዝሙር ስትዘምር ቀረጻት። መዝሙሩን የተማረችው ከእናቷ ነው፤ ከእሷ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። ፊልሙ ሲመረቅ ከጎኔ ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ የእሷ አፍ ይከፈታል፣ የሚሰማው ግን የአንዲት ጣሊያናዊት ጩኸት ነው።

«ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ፊልሙ እንዳለቀ ተመስገንን ዋናውን ድምፅ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«አጥፍቼዋለሁ፤ ሚሞሪው ሞልቶብኝ» አለኝ።

ደግሜ ልቅረጻት እያልኩ ዛሬ ነገ ስል እናቴ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣም አረፈች። እህቴ ለቀስተኞች እንዲያዩዋት ብላ ድንኳኑ ውስጥ ያንኑ ፊልም ከፈተችው። እናቴ ፈገግ ብላ አፏን ስትከፍት ጣሊያናዊቷ ጮኸች፤ ድንኳኑም በለቅሶ ተናጠ። እኔም ከመዝሙሩ አንድ ስንኝ እንኳ ለማስታወስ ሞክሬ ሲያቅተኝ አለቀስኩ።

ተመስገን ትከሻዬን አቀፍ አድርጎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አላልኩህም?» አለኝ። «ኦፔራ ያስለቅሳል!»