እህቴ፣ መዥገሮቿና ስሟ ያልታወቀችው

በየቤተሰቡ ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ መምጣት የማይችል ሰው አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ሰላም ሳይልህ የሱሪህን እጥፋት ያያል፤ መካኒክ ከሆነ ወሬህን ትቶ የመኪናህን ድምፅ ያዳምጣል። ለእኛ ቤት የደረሰችን ደግሞ የመዥገር ሊቅ ናት፤ ታላቅ እህቴ፣ ክብርት እመት መዥገር።

እትዬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው። መዥገር ሰብስባ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንደተሸከመች ትመረምራለች፤ በተለይ በሰው ላይ ገና መታየት የጀመረውን። ስለዚህ ዘመድ ልንጠይቅ ስንሄድ ከባለቤቶቹ በፊት ሰላም የምትለው ውሻውን ነው፣ ጆሮውን ገልብጣ። መናፈሻ ስንሄድም እኛ ጥላ ስንፈልግ እሷ ሣሩ ላይ ነጭ አንሶላ እየጎተተች ትዞራለች። አንድ ቀን ጥበቃው አዝኖላት «እመቤቴ፣ የልብስ ማጠቢያ ቦታ ላሳይዎት?» ብሏታል። አንሶላው ላይ አንዲት መዥገር ከተገኘች «ውይ፣ የኔ ቆንጆ!» ትላለች። እኔን በዕድሜዬ አንድም ቀን ቆንጆ ብላኝ አታውቅም።

አንገቴ ላይ አንዷ ተጣብቃ የተገኘች ቀን «እንዳትጨፈልቃት!» ብላ ጮኸች። በወረንጦ ከሥሯ ይዛ ቀስ ብላ ነቀለቻትና ብልቃጥ ውስጥ አኖረቻት።

«እትዬ፣ ሰውዬውስ?» አለቻት ሚስቴ።

«እሱ የት ይሄዳል!»

በቅርቡ ግን ራሷ ታመመች። የሰው ሁሉ ስትፈልግ የራሷን ሳታይ ቀርታ፣ መዥገሯ ነክሳት፣ ጠግባ ሄዳለች። ትኩሳት ያዛት፣ ራሷን ፈለጣት፣ ብብቷ ሥር መሐሉ የጠቆረ ቁስል ወጣ። ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒት አዘዘ። እሷ ግን አልውጥም አለች!

«መድኃኒቱ ከገባ ባክቴሪያዋ ትጠፋብኛለች። ደሜን መጀመሪያ አወሳሰዱን የሚያውቀው ባልደረባዬ ይውሰድ፤ ነገ ከመስክ ይመለሳል።»

«እመቤት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ኩላሊትዎን ሊጎዳ ይችላል» አላት ሐኪሙ።

«አንድ ቀን ብቻ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «አዲስ ዓይነት ብትሆንስ?»

ደሜ ፈላ። «እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴ አንቺ ነሽ! ለመዥገር ብለሽ ልትሞቺብኝ ነው?» ስል ድምፄ ተሰበረ፤ እንባዬም መጣ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እትዬ ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትወደኝ?» አለች፣ ከልቧ ገርሟት።

«ዋጪ!» አልኳት። ዋጠች።

ተመስገን፣ ዳነች። ባልደረባዋ በማግስቱ ደሟን ቢወስድም ምንም አልተገኘበትም፤ ባክቴሪያዋ ስሟ ሳይታወቅ ቀረ። አሁን አልፎ አልፎ በሥራ መሐል ትደውልልኛለች።

«ማን ነበረች ይሆን?»

«ማንም ትሁን፤ እንኳንም አልተዋወቃችሁ!» ብዬ እዘጋባታለሁ።

ከዘጋሁ በኋላ ግን እኔም ማወቅ ያምረኛል። ወንድሟ አይደለሁ!