ድንች የሚኮተኩቱት ኮማንደር

ጡረታ የወጣ ሰው ዩኒፎርሙንና የቢሮውን ቁልፍ በደረሰኝ ያስረክባል። ማዕረጉን የሚረከብ ንብረት ክፍል ግን እስካሁን አልተከፈተም። እናም ሻምበሉ እስኪቀበር ሻምበል፣ ዳይሬክተሩም እስኪቀበር ዳይሬክተር ነው። በዚህ ማንም አይጎዳም። ችግር የሚመጣው አንዱ ማዕረግ የሁለት መሥሪያ ቤት ሲሆን ነው። እስቲ «ኮማንደር» ሲባል ማን ይታያችኋል? አትድከሙ፣ አውቄዋለሁ። ለእኔም የታየኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስወጣ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አጠገቤ ቆም አለና «መምህር፣ ኮማንደር ይፈልጉሃል፤ ዛሬውኑ ይምጣ ብለዋል» ብሎኝ እብስ አለ። ኮማንደር ደብረ ታቦር ውስጥ፣ እኛ ሰፈር ዳገቱ ጫፍ ላይ የሚኖሩ፣ ድንች የሚኮተኩቱ፣ ጀርባቸው እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሲያልፉ ሁላችንም ከተቀመጥንበት ብድግ እንላለን። ለምን ትሉኝ እንደሆነ፣ ፖሊስ ናቸዋ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ዳገት የወጣሁት ኃጢአቴን እየመረመርሁ ነው፤ የንስሐ አባቴ ፊት እንኳ እንዲያ ተጣርቶ አያውቅም። የጎረቤቴን ባሕር ዛፍ ሳላስፈቅድ መመልመሌ ትዝ አለኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ በአንድ ኃላፊ ላይ የቀለድሁትም ትዝ አለኝ። በራቸው ስደርስ ሁለቱንም አምኜ ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለሰፈሩ የምትጽፈው አንተ ነህ አሉ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እንግዲያው የእኔንም ጻፍልኝ።»

ተመስገን! ከመደንገጤ የተነሣ «በደስታ!» ብዬ ጮህሁ። በሕይወት ላለ ሰው የቀብር ጽሑፍ ሲታዘዙ እንዲህ እንደማይባል የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጥፋቴን ላርም ብዬ ቶሎ ደብተሬን አወጣሁና «ፖሊስነት የገቡት በስንት ዓመትዎ ነው?» አልሁ።

ኮማንደር ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ይኸው! መምህሩም!»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ጣናን እንኳ አይተው የማያውቁ የደጋ ልጅ ነበሩ፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሱ ምጽዋ ወርደው ባሕር ኃይል ገቡ። በመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስታውካቸው ሰነበተ። ውሎ አድሮ መርከብ አዘዙ። አንድ ጊዜ በማዕበል ጀልባቸው የተሰበረባቸውን ሰባት ዓሣ አጥማጆች በገመድ እየጎተቱ አወጡ። የባሕር ኃይል ኮማንደር ሆኑ። አገሩ ባሕር አልባ ሲሆን ወደ አባታቸው ማሳ ተመለሱ፣ ማዕረጉም አብሯቸው መጣ። ኋላ ፖሊስ ያንኑ ስም ለራሱ መኮንኖች ሰጠና ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀ።

«ታዲያ ለምን አይናገሩም?» አልኋቸው።

«አልተናገርሁም ትላለህ? ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ልጄን ያስፈቱልኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ኧረ እኔ ፖሊስ አይደለሁም አልኋት። ‹እሺ ጌታዬ፣ ለማንም አልናገርም› ብላኝ ሄደች።»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «ልጄ፣ እድር ላይ ስቀመጥ ወሬ ይቆማል። ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቤ ሰው ሲታማ ሰምቼ አላውቅም። ባሕር መካከል እንኳ እንዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።»

አንጀቴን በሉት። «ኮማንደር፣ ከተቀበሩ በኋላ ቢያወሩልዎ ምን ይረባዎታል? አሁኑኑ እናንብበው» አልኋቸው።

በወሩ የሰፈራችን የጽዋ ማኅበር ተራ የእሳቸው ነበር። ጸበል ጸዲቁ ከተቀመሰ በኋላ ተነሥቼ አነበብሁ፤ ማዕበሉን፣ ገመዱን፣ ሰባቱን ሰዎች። ስጨርስ ቤቱ ጸጥ አለ። ጽሑፌ ልባቸውን የነካው መስሎኝ ትንሽ ኮራ ብዬ ነበር።

«ማለት…» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ፣ «አንቱ ፖሊስ ሆነው አያውቁም?»

«አንድ ቀንም!»

«እፎይ! አንቱ ባለፉ ቁጥር የአረቄ ማውጫዬን ጓሮ ስደብቅ ወገቤ ተቆረጠ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያማ ማን ይቻላቸው! አንዱ አጥሩን ወደ መንገዱ መግፋቱን ተናዘዘ። ባጃጅ ነጂውም የመንጃ ፈቃዱ ጊዜ ካለፈ መሰንበቱን ሳይጠየቅ አወጣ። ስለ ባሕሩ አንዲት ቃል የጠየቀ አልነበረም። እኔ ለሰባቱ ዓሣ አጥማጆች አዝኜ፣ አፍሬም፣ ኮማንደርን ሰረቅ አድርጌ አየኋቸው።

አያ ሞላ የሚባሉት የሰፈሩ ሽማግሌ በርጩማቸውን እየጎተቱ አጠገባቸው ደርሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ፖሊስ ካልሆኑማ… ያ የታችኛው ሰፈር ሰውዬ ምን እንደሠራ ሰምተዋል?»

የኮማንደር ዓይን እንባ ሞላ።

«አልሰማሁም» አሉ ጆሯቸውን አስጠግተው፤ «ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።»